ቦሰናና ርቀቷን የምትጠብቀው መኪና

ቦሰና ጀቤሳ መኪና መንዳት ታስተምራለች። ሸጎሌ ዳር ባለው የማሠልጠኛው ሜዳ ላይ፣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ከተለማማጁ ጎን ተቀምጣ፣ ቀኝ እግሯን ለአስተማሪ ከተሠራው ፍሬን በላይ አንጠልጥላ ስትውል ያላያት የሰፈር ሰው ጥቂት ነው። ድምጿን ከፍ አታደርግም። ተለማማጁ ደንግጦ ሞተር ሲያጠፋ «ምን ሆንክ?» ብላ አታውቅም፤ «ምን አየህ?» ነው የምትለው። ሰው ከመሳሳቱ በፊት ወይ አንድ ነገር አይቷል፣ ወይ ማየት የነበረበትን አላየም ብላ ታምናለች።

ዕድሜዋ ሃምሳን ተሻግሯል። አባቷ ጀቤሳ ከእንጦጦ ጀርባ ካሉት ኮረብቶች በሬ እየነዱ ሸጎሌ ገበያ ሲመላለሱ ኖረው፣ በኋላ ቤተሰባቸውን ይዘው ጉለሌ የገቡ ሰው ነበሩ። ቦሰና ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ደጅ አማርኛ እየተናገረች አደገችና ትምህርቷን እንደጨረሰች የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ሆነች። የትኬት ቆራጭ ወንበር ከኋላ በር አጠገብ ነው። ሾፌሩ ፊት ለፊቱን ሲያይ፣ እሷ ደግሞ ሥራ ሲቀልላት በኋላው መስታወት የሚከተሏቸውን መኪኖች ታያለች። ማን ተጠግቶ እንደሚመጣ፣ ማን ራቅ ብሎ እንደሚከተል መለየት የጀመረችው ያኔ ነው።

አንድ የክረምት ቀን ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ተሳፋሪ ሊጭን ቆሞ ሳለ፣ የባሕር ዛፍ ግንድ የጫነ ከባድ መኪና ከኋላ መጥቶ ገጨው። ቦሰና ሲመጣ አይታዋለች። ይቆማል ብላ ጠበቀች፤ አልቆመም። ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት ሕይወታቸው አለፈ። የቦሰናም ዳሌ ተሰበረ፤ እስከ ዛሬ ሐምሌ ሲገባ ይጠዘጥዛታል።

ከአደጋው ሁሉ አእምሮዋ ውስጥ የቀረው ግን ሕመሙ አልነበረም። ሰዎች ተሸክመው ወደ አምቡላንስ ሲወስዷት የጭነት መኪናው ሾፌር አስፋልቱ ዳር ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ «ቅርብ መሆኔን አላወቅሁም፤ ቅርብ መሆኔን አላወቅሁም» ሲል ሰማችው። አልጠጣም፤ አላንቀላፋም። ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ደግሞ የትራፊክ ፖሊስ ዘገባ በሬዲዮ ሲነበብ የአደጋው ምክንያት «ርቀትን ጠብቆ ባለማሽከርከር» ተባለ። ያን ሐረግ ከዚያ ወዲህ ስንት ጠዋት ሰማችው። በሰማችው ቁጥርም ያው ጥያቄ ይመጣባታል። ሰው ቅርብ መሆኑን እንዴት አያውቅም?

መንጃ ፈቃድ እንድታወጣ ያደረጋት ይኸው ጥያቄ ነው። ዳሌዋ ሲጠግን መሪ ያዘች፤ አውቶቡስ ነዳች፤ ቆይታም ወደ ማስተማሩ ዞረች። ለተለማማጆቿ ርቀትን የምታስተምርበት የራሷ ዘዴ ነበራት። ከፊት ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ «እባክህ ቀስ በል ወንድሜ» ብለህ ረጋ ብለህ ትናገራለህ። ተናግረህ ሳትጨርስ አንተም ምሰሶው ዘንድ ከደረስክ ተጠግተሃል ማለት ነው። ተለማማጆቹ ይስቃሉ፤ ይሉታልም። ፈቃዳቸውን አውጥተው መንገድ ላይ ስታገኛቸው ግን አብዛኞቹ ከፊታቸው ካለው መኪና ጋር ተጣብቀው ነው። አንዱ ዊንጌት አደባባይ ላይ በመስኮት ሰላም ብሏት «ቲቸር፣ ርቀት ስጠብቅ እኮ ሌላው ይገባበታል» አላት። እውነቱን ነው።

የወንድሟ የለሜሳ ልጅ ሩታ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችው በዚህ መሃል ነው። ሩታ አዳማ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ቤቷ እዚሁ ጉለሌ ስለሆነ ሰኞ ወርዳ ሐሙስ ትመለሳለች። ቦሰናን «አዳዳ» ትላታለች፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። መኪናዋ እንደመጣች የስክሪኑ ጽሑፍ ሁሉ ቻይንኛ ነበርና ሩታ ይህን ስትነካ፣ ያን ስትነካ ብዙ ነገር የተማረችው በሙከራ ነው።

«አዳዳ፣ ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለቻት አንድ ቀን።

ቀለበት መንገድ ላይ ወጡ። ሩታ መሪው ላይ ያለች አንዲት ቁልፍ ተጫነችና እግሯን አነሳች። መኪናዋ በራሷ መሄዷን ቀጠለች። ከፊት አንድ ሚኒባስ ነበር። ሚኒባሱ ሲፈጥን መኪናዋ ፈጠነች፤ ሚኒባሱ ፍሬን ሲይዝ ማንም ሳይነካት ቀስ አለች። ሚኒባሱ ሲቆም ቆመች።

«ክሩዝ ይሉታል» አለች ሩታ። «ፍጥነቱን እኔ እነግራታለሁ፤ ከፊት ሰው ካለ ግን ርቀቷን ራሷ ትጠብቃለች።»

ቦሰና ፊት ለፊቷ ያለውን ምሰሶ እያየች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እባክህ ቀስ በል ወንድሜ። ብላ ጨረሰችው፤ ገና ምሰሶው ዘንድ አልደረሱም።

«ማን አስተማራት?» አለች።

መኪናዋ ርቀቷን ስትጠብቅ ግን ክፍተት ተፈጠረ፤ የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ ክፍተት አይወድም። አንድ ሚኒባስ ገባበት። መኪናዋ ቀስ ብላ አሳለፈችው፤ አዲስ ርቀትም ያዘች። ሁለተኛው ገባ። አሁንም አሳለፈች። ሦስተኛው ሲገባ ሩታ መሪውን መታ መታ አደረገችው።

«ይቺ ለሁሉ ስታሳልፍ እኔ መቼ ቤቴ ልገባ ነው? አየሽ፣ ከተማ ውስጥ አትሆንም።»

ቦሰና ግን ፈገግ አለች። ያ ዊንጌት ላይ ያገኘችው ልጅ ትዝ አላት። ሌላው ሲገባበት የማትበሳጭ፣ እንደገና ርቀቷን የምትይዝ ሾፌር ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ደግሞም አንድ ነገር አስተዋለች፤ ያን ያህል መኪና ቢገባባቸውም ከለመዱት ጊዜ ብዙም ሳይዘገዩ ደረሱ።

ከዚያ ቀን በኋላ የዕረፍት ቀኗን ከሩታ መንገድ ጋር አስተካክላ አብራት ወደ አዳማ እየወረደች በአውቶቡስ መመለስ ጀመረች። «ምን ልታደርጊ ነው የምትመላለሽው?» ሲሏት «ለማየት ነው» ትላለች። በእርግጥም የምታደርገው ማየት ብቻ ነበር። መኪናዋ ሞተር ብስክሌት ታያለች? ታያለች። ዝናብ ሲሆንስ? ቀላል ዝናብ ከሆነ ታያለች፤ ዶፍ ሲወርድ ግን ስክሪኑ ላይ ቀይ ምልክት ብልጭ ብሎ ሥራዋን አቆመች። ጠማማ ላይ? ጠማማ ላይ ከፊቷ ያለውን ትታ በጎን መስመር የሚሄደውን የምትከተልበት ጊዜ ነበር።

መኪናዋን ስታይ ሩታንም ማየቷ አልቀረም። በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ሩታ እግሯን ከፍሬኑ በላይ አድርጋ፣ አንገቷን አስግጋ ትሄድ ነበር። ቆይታ እግሯ ወደ ወንበሩ ሥር ተመለሰ። ጀርባዋ ከወንበሩ ጋር ተዋደደ። ከዚያ አንድ እጇ መሪውን ለቀቀ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ስልኳ ጭኗ ላይ ታየ።

«ሩትዬ፣ መኪናዋ በተጠነቀቀች ቁጥር አንቺ እየተውሽው ነው» አለቻት ቦሰና።

«አዳዳ፣ ድሮ አዳማ ስደርስ ትከሻዬ ድንጋይ ሆኖ ነበር። አሁን ሳልደክም ነው ሥራ የምጀምረው። ይሄ ደህንነት አይደለም?»

ይኼም ውሸት አልነበረም። የደከመ ሾፌር ምን እንደሚያደርግ ቦሰና ታውቃለች። ስለዚህ አልተከራከረችም፤ ሁለቱንም በልቧ ያዘች።

ነገሩ የመጣው ቢሾፍቱን ካለፉ በኋላ፣ በፍጥነት መንገዱ ላይ፣ ፀሐይ በደንብ በወጣበት ጠዋት ነው። ከፊታቸው አንድ ረጅም አውቶቡስ ነበር። መኪናዋ እንደ ልማዷ ተገቢውን ርቀት ይዛ ትከተለዋለች። ሩታ ስለ መድኃኒት ቤቱ አዲሷ አለቃ እያወራች ነበር። ድንገት አውቶቡሱ ወደ ግራ መስመር ወጣ።

አውቶቡሱ ከልሎባቸው የነበረው ነገር ያኔ ተገለጠ። ጎማው የፈነዳ ከባድ መኪና ግማሹ መንገዱ ዳር፣ ግማሹ እነሱ ባሉበት መስመር ላይ ቆሟል። ከኋላው ከዳር የተነቀለ ቁጥቋጦ አስፋልቱ ላይ ተጥሏል። በግራ በኩል አንድ ሰው ጎማው ሥር በርከክ ብሎ ክሪክ ያዞራል።

መኪናዋ ፈጠነች። ከፊቷ የነበረው አውቶቡስ ሄዷል፤ ለእሷ መንገዱ ባዶ ነው። ሩታ ያዘዘቻት ፍጥነት ላይ ለመድረስ ወደፊት ተወነጨፈች።

የቦሰና ቀኝ እግር ወለሉን ረገጠ። በየቀኑ በምትቀመጥበት ወንበር ቢሆን እዚያ ፍሬን ነበር። የሩታ መኪና ላይ ግን ምንጣፍ ብቻ ነው።

«ሩታ፣ ፍሬን» አለች።

አልጮኸችም፤ ሩታ በኋላ እንደተናገረችው ያስደነገጣት ራሱ አለመጮኋ ነው። እግሯ ከወንበሩ ሥር ወጥቶ ፍሬኑን እስኪያገኝ የፈጀው ጊዜ እንዲህ ይረዝማል ብላ አስባ አታውቅም። ረገጠች። ጎማው ጮኸ። መሪውን ወደ ግራ ሰበር አደረገች፤ ቁጥቋጦው ከሥራቸው ተንኮሻኮሸ። ክሪክ ያዞር የነበረው ሰው ብረቱን ጥሎ ወደ ከባዱ መኪና ፊት ሮጠ። የሩታ መኪና የቀኝ ስፖኪዮ ከጭነቱ ብረት ጋር ተጋጭቶ ተገንጥሎ ሄደ። አለፍ ብለው ቆሙ።

ከዚያ ሰውየው መጣ። ጃለታ ይባላል፤ የጭነት መኪናው ረዳት ነው። ፊቱ አመድ መስሏል፤ እጁ በግሪስ ጠቁሯል።

«አላያችሁኝም?» አለ። በቁጣ አልነበረም፤ የምር ለማወቅ ነው የጠየቀው።

ሩታ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ለቅሶ ቀደማት። ቦሰና ወርዳ እጁን ያዘችው። «አይተንሃል ወንድሜ። መኪናዋ ግን አላየችህም። እኛ ደግሞ እሷን ስናምን ቆየን።»

ጃለታ መኪናዋን ዞሮ አያት፤ ነገሩ አልገባውም። ቢሆንም ውኃ አምጥቶ ሰጣቸው፤ ሩታ ፊቷን ታጠበች።

የመጣው የትራፊክ ፖሊስ ወጣት ነበር። ሩታን ማን ይነዳ እንደነበረ ሲጠይቃት «እኔ... ማለቴ፣ መኪናዋ ነበረች የምትነዳው» አለችው።

«መኪናዋ መንጃ ፈቃድ አላት?»

«የላትም።»

«እንግዲያው አንቺ ነሽ» አለና ቃሏን ተቀበለ። ሲጨርስ ግን ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። «ቁልፏ የትኛዋ ናት? እንዲህ ያሉ መኪኖች እየበዙ ነው፤ እኛም ብናውቅ ጥሩ ነው።»

ቦሰና አሳየችው። ምክንያቱን ምን ብለው እንደሚመዘግቡት ብትጠይቀው ግን ትከሻውን ነቀነቀ። እሷም ስታስበው ቆየች። ርቀትን ጠብቆ ባለማሽከርከር እንዳይባል፣ ርቀቷን ጠብቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሩታ ያቺን ቁልፍ አልነካትም። መኪናዋ ተበላሽታ ነው ብላ ወደ ጋራዥ ብትወስዳት ምንም ብልሽት አልተገኘባትም። ሩታን ይበልጥ ያስፈራት ይኼ ነው። «ደህና ሆና እንዲህ ካደረገች ምን ልሁን?» ትላለች። ቦሰናን ግን ሌላ ነገር ነው እንቅልፍ የነሳት። በዝናብ ውስጥ ሞተር ብስክሌት ያየች መኪና፣ በጠራ ፀሐይ ያን የሚያህል የጭነት መኪና እንዴት ሳታይ ቀረች?

ጥያቄዋን ይዛ ወደ ሚልካ ሄደች። ሚልካ ዊንጌት አካባቢ የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠግን ጋራዥ ውስጥ የምትሠራ ወጣት መሐንዲስ ናት። ሩታን ጋራዥ ውስጥ ያስተናገደቻት እሷ ነበረች። ቦሰና አደጋውን ከአውቶቡሱ ጀምራ እስከ ቁጥቋጦው ስትነግራት፣ ሚልካ እጇ ላይ የነበረውን መፍቻ አስቀመጠች።

«እትዬ ቦሰና፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከእንጦጦ ሲወርዱ መንገዱ ላይ የቆመ ነገር ስንት ያያሉ? ምሰሶ፣ የመንገድ ምልክት፣ የድልድይ ብረት፣ ዳር የቆመ መኪና።»

«መዓት ነው።»

«የመኪናዋ ራዳር ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ የሆነ ነገር ላይ ነጥሮ ሲመለስ ያ ነገር የት እንዳለና እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ታውቃለች። ለቆመው ሁሉ ፍሬን ብትይዝ አዳማ አትደርስም። ስለዚህ በፍጥነት ስትሄድ ከቆመው ብዙውን ትተወዋለች። የሚንቀሳቀሰውን ነው አጥብቃ የምትከተለው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አይታዋለች። የጭነት መኪናው ግን ካገኘችው ጀምሮ የቆመ ነበር።»

«ታዲያ ሁሉም መኪና እንዲህ ነው?» አለች ቦሰና።

«አይደለም። ከራዳሩ ጋር ካሜራ ያላቸው አሉ፤ ከሌላው የሚሻሉም አሉ። የሩታ መኪና ከየትኛው እንደሆነች እኔም አላውቅም። ሻጮቹም አይነግሩንም።» ሚልካ ወደ ውጭ እያየች አሰበች። «መሞከር ይቻል ነበር። ግን የት?»

«ሜዳ አለኝ» አለች ቦሰና።

እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ማሠልጠኛው ዝግ በሆነበት ሰዓት ሸጎሌ ሜዳ ላይ ተገናኙ። ሚልካ ያረጀ የስፖንጅ ፍራሽ አምጥታ የምግብ መጠቅለያ ፎይል አልብሳዋለች፤ ራዳሩ ብረት እንዲመስለው ነው። ቦሰና ደግሞ ዓሊማን ጠርታለች። ዓሊማ ቦሰና እጇን ይዛ መንዳት ያስተማረቻት ልጅ ናት፤ አሁን ባጃጅ ትነዳለች። ሩታም መጣች፤ ነገር ግን መሪ አልይዝም ብላ እጇን አጣጥፋ ዳር ቆመች። ስለዚህ ሚልካ ነዳች፤ ቦሰናም ከጎኗ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ፍራሹን ከባጃጁ ኋላ አሰሩት። ዓሊማ ፊት ፊት ሄደች። መኪናዋ የሚያብለጨልጨውን ፍራሽ በጨዋነት ተከተለችው። ባጃጁ ሲቆም ቆመች።

ቀጥሎ ፍራሹን ብቻውን በዱላ ደግፈው አቆሙት። ሚልካ በዝግታ ነድታ መጣች። መኪናዋ አየችውና ቆመች።

«አየች» አለች ሩታ ከዳር። ሳታስበው ቀረብ ብላለች።

«ቆይ» አለች ሚልካ። ወደ ሜዳው ጫፍ ተመለሰችና ሜዳው የሚፈቅደውን ያህል ፈጥና መጣች። መኪናዋ መጨረሻ ላይ ጮኸች፤ ፍሬንም ያዝ አደረገች፤ ግን ዘግይታ ነበር። ፍራሹ ኮፈኑ ላይ ወጥቶ ተገለበጠ፤ ፎይሉም ተቀደደ።

የሸጎሌ ገበያ ሰዎች አጥሩ ላይ ተደግፈው ያያሉ። አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ ፍራሹ ምን በደላችሁ?» አሉ። ዓሊማ ሳቀች፤ ቦሰናም ሳቀች። የቀረው ግን ጃለታ ላይ የደረሰውን የሚደግም ሙከራ ነበር።

ፍራሹን መልሰው አቆሙት። ባጃጁ ከፊቱ፣ መኪናዋ ከባጃጁ ኋላ ሆነች። ዓሊማ ወደ ፍራሹ ቀጥ ብላ እየነዳች ሄዳ፣ ልትደርስበት ስትል ወደ ጎን ታጠፈች። መኪናዋ ልክ እንደዚያን ዕለት ጠዋት ፈጠነች። ሚልካ እግሯን ከፍሬኑ በላይ አዘጋጅታ ስለነበር በጊዜ ያዘችው፤ ፍራሹም ተረፈ።

ሩታ ያን ጊዜ ወደ መኪናዋ መጣች። ፊቷ ላይ የነበረው ፍርሃት ሌላ ነገር ሆኗል። «እንደገና አድርጊው» አለቻት ሚልካን። እንደገና አደረጉት። በሦስተኛው ራሷ መሪ ያዘች።

«አዳዳ፣ እኔ እኮ ታያለች ብዬ ነው ያሰብኩት። አንቺ ፊት ፊቱን ታዪ የለ? እንደዚያ» አለች ከመኪናው ስትወርድ። «ለካ ጅራት ነው የምትከተለው። ጅራቱ ከሄደ ባዶ ነው ለሷ።»

«ጅራቱ ፊትሽን የሚከልል ሲሆንስ?» አለቻት ቦሰና።

«ከዚያ ወዲያ ያለው አይታየኝም። ከአውቶቡስ፣ ከጭነት መኪና ኋላ ከሆንኩ አጠፋዋለሁ። ወይ ራሴ እርቃለሁ።» ትንሽ አሰበችና «እግሬንም ከፍሬኑ አላርቅም» አለች።

ሩታ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ያቺን ቁልፍ መጠቀም ጀመረች፤ በራሷ ሕግ። ቦሰናም ለተለማማጆቿ አዲስ ትምህርት ጨመረች። ፍራሹ አሁን ማሠልጠኛው ጥግ ተደግፎ ይገኛል። እንዲህ ያለ መኪና ያላቸው ሰዎች ወሬውን ሰምተው እሁድ እሁድ ይመጣሉ። አንዳንዱ መኪናው ከሩታ መኪና የተሻለ ሆኖ በፍጥነትም ቢሆን ፍራሹን አይቶ ይቆማል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሄዳል። አንዳንዱ ፍራሹን ገጭቶ መኪናውን ዞር ዞር እያለ ያያል። ሁለቱንም ቦሰና «ምን አየህ?» ትላቸዋለች።

ለቦሰና ከሁሉ የበለጠው ግን በኋላ የመጣ ነገር ነው። የሩታ መኪና የታዘዘላት ስፖኪዮ መጥቶ ሊገጠምላት ጋራዥ በቆመችበት ጊዜ ሩታ የጓደኛዋን አሮጌ መኪና ተውሳ አክስቷን ወደ ቤት አደረሰቻት። ያቺ አሮጌ መኪና ምንም የሌላት ናት። ቦሰና ከልማዷ ምሰሶ መርጣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ርቀቱ ልክ ነበር። ሌላ ምሰሶ መረጠች። አሁንም ልክ ነበር። ሩታ ድሮ እንዲህ አትነዳም ነበር፤ እንደማንኛውም ሰው ተጣብቃ ነበር የምትሄደው።

«ማን ነገረሽ?» አለቻት።

«ምኑን?»

«ርቀቱን።»

ሩታ ከፊቷ ያለውን መኪና እንደ አዲስ አየችው። «እንጃ። ስጠጋ የሆነ ነገር ይጨንቀኛል። ዓይኔ ለመደው መሰለኝ።»

ቦሰና ቤቷ ገብታም ይህን ስታመነዥክ አመሸች። ያ አስፋልቱ ዳር የተቀመጠው ሾፌር ዋሽቶ አልነበረም ማለት ነው። ዓይኑ ቅርብን ለምዶ፣ ቅርቡ ርቀት መስሎት ነበር። የሩታ ዓይን ደግሞ በየሳምንቱ ሩቁን እያየ ሩቁን ለመደ። እንግዲህ መኪናዋ ትጠቅማለች ወይስ ትጎዳለች? ሚልካን ጠይቃታለች፤ ሚልካ በሌላው ዓለም አደጋ ቀንሷል የሚሉም፣ ሰው ይበልጥ እንዲፈጥን አድርጎታል የሚሉም ጥናቶች እንዳሉ፣ የእኛን መንገድ ግን ገና ማንም እንዳላጠናው ነገረቻት። ቦሰና መልሱን ለመስማት የምትቸኩል ሰው አይደለችም። እስከዚያው እግርሽን ከፍሬኑ አታርቂ ትላለች፤ ለሩታም፣ ለሌላውም።

በቅርቡ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ሞከረችው። ከሩታ ጋር በአዲሱ ገበያ በኩል ወጥተው በሱሉልታ መንገድ ላይ መሪውን ተቀበለቻት። ቁልፏን ተጫነችና እግሯን አነሳች። መኪናዋ በራሷ ስትሄድ ሰው ከኋላ በእጁ የሚገፋት መሰላት። እግሯ በየጊዜው ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። ሩታ ከጎኗ ሆና ትስቃለች።

«ልቀቂያት እንጂ፣ አዳዳ።»

«ለቅቄያታለሁ። እግሬ ነው እምቢ ያለው።»

ወደ ፊት ትንሽ እንደሄዱ ጭድ የጫነ መኪና አገኙ። ጭዱ ከመኪናው አካል በሁሉም በኩል ተርፎ፣ ወደ ኋላ ተንዘርፍፎ፣ መንገዱን እየጠረገ ይሄዳል። የጭነቱ ብረት ጨርሶ አይታይም። የሩታ መኪና ቀስ አለች፤ ከኋላውም ርቀት ይዛ ተከተለችው። ግን ቦሰናን ርቀቱ አልጣማትም። ወደ ጭዱ የቀረበች መሰላት። ቁልፏን አጠፋችና ራሷ ራቅ አለች።

«ያየችው የትኛውን ነው?» አለች። «ጭዱን ነው ወይስ ከጭዱ ውስጥ ያለውን ብረት?»

«እንጃ። አስቤው አላውቅም።»

«ብረቱን ብቻ ካየች፣ ጭዱ ወደ ኋላ የተረፈውን ያህል ተጠግታለች ማለት ነው።»

ሩታ ስልኳን አውጥታ ሚልካ ዘንድ ደወለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። ቦሰና ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ ጥያቄዋን በዝርዝር አቀረበች።

«ጭድ...» አለች ሚልካ። «ደረቅ ጭድ ከሆነ ሞገዱ ሊያልፈው ይችላል። ካሜራ ካላት ደግሞ... እውነቱን ለመናገር አላውቅም፣ እትዬ ቦሰና። ሞክረነው አናውቅም። ጭድ ከየት እናገኛለን?»

«የሸጎሌ የከብት ገበያ አጠገባችን ሆኖ ነው ጭድ ከየት እናገኛለን የምትይው?»

«እሺ፣ ይምጣ» አለች ሚልካ፤ ድምጿ ላይ ፈገግታ ነበር። «ቅዳሜ ይሻልዎታል ወይስ እሁድ?»